መኪናዎ ሲጮህ፦ ጩኸቱን ከምንጩ ለይቶ መጠገን፣ በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርድ ፍሬን በተነካ ቁጥር ሲጢጥ የሚል መኪና አለ። ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ አፏጭቶ ዝም የሚል አለ። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ የሚልም አለ። ሦስቱም ጋራዥ የሚገቡት «መኪናዬ ይጮሃል» ተብለው ነው፤ በሽታቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ፣ ሁለተኛው የቺንጋ (ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ)፣ ሦስተኛው የጎሚኒ (ከጎማው በላይ ባሉት ብረቶች መጋጠሚያ የሚገባ ላስቲክ) ነው። «ይጮሃል» ብሎ ብቻ ቁልፍ ያስረከበ ባለመኪና ያልተበላሸ ዕቃ አስቀይሮ ከነጩኸቱ ቢመለስ አይገርምም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ለማዳመጥ ይመድቡ። የድምፁን ዓይነት በቃል ለመግለጽ ብዙ አይጨነቁ፤ አንዱ «ፉጨት» የሚለውን ሌላው «ሲጢጥታ» ይለዋል። መቼ እንደሚመጣ ይያዙ።

ማዳመጥ

ሞተሩን አስነስተው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው ኮፈኑን ይክፈቱ። መኪናው ቆሞ እያለ የሚጮህ ከሆነ ፍሬን፣ ጎማና ጎሚኒ ነፃ ናቸው። ምንጩ ሞተሩ አካባቢ ነው፦ ቺንጋ፣ ፑሊ፣ ወይም የዲናሞ እና የውሃ ፖምፓ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ)። ማኑዋል መኪና ከሆነ እዚያው እንደቆሙ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) አንዴ ረግጠው አንዴ ይልቀቁ፤ ድምፁ በዚህ ከተለወጠ ስለ ፍሪሲዮን ከታች የተጻፈውን ይመልከቱ።

ቆሞ ዝም ካለ ይንዱት። ሜዳ መንገድ ያስፈልጋል፤ መሀል ከተማ ሜዳ መፈለግ ቀልድ ስለሆነ ወደ አዘዞና ጠዳ ወጣ ማለት ይሻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ኒውትራል ያድርጉ። የሞተሩ ዙር ሲወርድ ድምፁም አብሮ ከወረደ ጉዳዩ የሞተር ነው። ሞተሩ ረግቦም ድምፁ ከጎማው ጋር እኩል ከቀጠለ ከጎማ በኩል ነው። ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይ አያድርጉት። ሞተር አጥፍቶ መሞከር ደግሞ የትም ቦታ ክልክል ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

ቀጥሎ ፍሬኑን በቀስታ ይንኩ፤ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይያዙ። ከዚያ በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይጠምዝዙ። የትኛው ላይ እንደሚመጣ፣ የትኛው ላይ እንደሚጠፋ ይመዝግቡ። መጥፋቱ ከመምጣቱ እኩል ይጠቅማል።

የቀኝ ይሁን የግራ ለመለየት መስኮቶቹን ዝቅ አድርገው በግንብ አጥር ጥግ በዝግታ ይንዱ፤ ግንቡ ድምፁን መልሶ ጆሮዎ ውስጥ ይከተዋል። ዞረው በሌላው ጎን ይመለሱና ያወዳድሩ። ግንብ እንኳን ጎንደር ላይ አይቸግርም።

ያገኙትን በአንድ መስመር ስልክዎ ላይ ይጻፉ፦ «በብርድ ብቻ፣ መሪ ሲጠመዘዝ፣ ቆሞም ይጮሃል» ወይም «ሲሞቅ፣ ፍሬን በቀስታ ሲነካ፣ ከፊት ቀኝ»። ራስዎ ባይጠግኑት እንኳ ይህች መስመር መካኒኩን ግማሽ ቀን ታተርፍለታለች።

ፍሬን

ከሚጮሁት መኪኖች ብዙዎቹ እዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው። ሸራው ዲስኩን ሲይዝ በጣም በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ጩኸት ሆኖ የሚሰማው። መንቀጥቀጡን የሚያስነሳው ነገር ግን ይለያያል።

ዝናብ ካደረ በኋላ ወይም ከላቫጆ እንደወጡ የሚሰማ፣ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ጩኸት በሽታ አይደለም። ዲስኩ ላይ ሌሊቱን የተነሳ ስስ ዝገት እየተፋቀ ነው። በክረምት በየጠዋቱ ቢሰሙት አይደንግጡ።

ፍሬን ሳይነካ መኪናው እየተንከባለለ ቀጭን ሲጢጥታ የሚሰማ ከሆነና ፍሬን ሲይዙ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ፣ ሸራው ማለቁን እየነገረዎት ነው። ብዙ ሸራዎች ጎናቸው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አላት፤ ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። ይህ ምልክት ጥሩ ነው፣ ግን አይመኩበት። ርካሽ ሸራዎች ላይ ምላሷ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። ባለምላሱ ሸራ በየጎማው አንድ ብቻ የሆነባቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ሌላኛው ሸራ ቀድሞ ካለቀ የሚያስጠነቅቅ የለም።

ፍሬን በቀስታ ሲነካ ብቻ የሚጮህ፣ ጠንከር ሲባል የሚጠፋ ከሆነ ሸራው ፊቱ ደርቆ እንደ መስታወት አብለጭልጯል፣ ወይም ከጀርባው ያለችው ስስ ቆርቆሮና ግሪስ ጠፍተዋል። ቁልቁለት የበዛበት ከተማ ይህን ያበዛዋል። ከጎሃ ሆቴል ወደ ታች እግራቸውን ከፍሬን ሳያነሱ የሚወርዱ ሰዎች ሸራቸውን እየጠበሱት ነው።

ከጠጠር መንገድ ሲወጡ በድንገት የጀመረ፣ ቆርቆሮ እንደሚፋቅ ያለ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩና ከጀርባው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይንዱ፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። እምቢ ካለች ጎማውን ፈትቶ ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ለዚህ ሸራ ግዛ የሚልዎት ካለ አመስግነው ይውጡ።

ብረት ከብረት ጋር የመፋጨት፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰሙ ግን ሸራው አልቆ ጀርባው ዲስኩን እያረሰው ነው። በዚያ ሁኔታ ከተማውን አቋርጦ «ነገ አሳየዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የፊት ሸራ ማውጣት፣ ማጽዳት፣ መቀየር

የሚያስፈልገው፦ ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የመኪና መቆሚያ፣ ለጎማ መደገፊያ አራት ድንጋይ፣ 21 ቁጥር የጎማ መፍቻ፣ 12፣ 14 እና 17 መፍቻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን አካል) ማንጠልጠያ ሽቦ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ። ተራ የኩሽኔታ ግሪስ እዚህ አይሆንም፤ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራ ላይ ይወርዳል፣ የካሊፐሩን የላስቲክ መሸፈኛዎችም ያሳብጣል። ሸራ የሚገዛው ለሁለቱም የፊት ጎማ፣ አራት ፍሬ በአንድ ላይ ነው። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን እንዲጎትት ያደርገዋል።

1. ሜዳና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባም ፊትም ድንጋይ ያስገቡ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ ከዚያ ነው በክሪክ የሚነሳው። ከተነሳ በኋላ መቆሚያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም።

2. ጎማውን ካወጡ በኋላ ቶሎ አይፍቱ፤ መጀመሪያ ይመልከቱ። የውስጥና የውጭ ሸራ ውፍረት ተቀራራቢ ነው? አንዱ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሌላው 3 ከሆነ ካሊፐሩ በፒኖቹ (በሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች) ላይ አይንሸራተትም ማለት ነው፤ አዲስ ሸራ ብቻ ቢያስገቡ በጥቂት ወር ተመልሰው እዚሁ ነዎት።

3. የታችኛውን የካሊፐር ብሎን ፈትተው ካሊፐሩን ወደ ላይ ያጥፉት፣ ወይም ሁለቱንም ፈትተው ያውጡት። ካወጡት በሽቦ ያንጠልጥሉት። በፍሬን ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ያ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

4. ሸራዎቹን ከማውጣትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ባለምላሱ ሸራ የውስጥ ነው ወይስ የውጭ? ምላሷ ወደ ላይ ናት ወደ ታች? ቆርቆሮዎቹ በየት በኩል ናቸው? ከተሰበሰበ በኋላ የሚጮህ ፍሬን ብዙ ጊዜ እነዚህ ተገልብጠው ወይም ጠፍተው የተገጠመ ነው።

5. የሸራውን ውፍረት የጀርባውን ብረት ሳይጨምሩ ይለኩ። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 3 ከደረሰ ይቀየር። ከ5 በላይ ሆኖ ፊቱ ብቻ ካብረቀረቀ መቀየር አያስፈልግም፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው፣ ውሃ ነክረው፣ ሸራውን በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያሽከረከሩ ብልጭታው እስኪጠፋ ይፍቁት። ዘይት ወይም ፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ ግን በማጠብም በመፋቅም አይመለስም፤ ይጣላል፣ ያፈሰሰውም ነገር ይፈለጋል።

6. ዲስኩን በጥፍርዎ ከመሀል ወደ ዳር ይሳቡት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ ዳሩ ላይ ከፍ ያለ ከንፈር ከተፈጠረ፣ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ከታየ አዲስ ሸራ ብቻውን ጩኸቱን አያቆምም። ዲስኩ ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር የታተመ ትንሹ የሚፈቀድ ውፍረት አለ፤ ቶርኖ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ይለኩት። ከተፋቀ በኋላ ከዚያ ቁጥር የሚያንስ ከሆነ ማስፋቁ ገንዘብ ማባከን ነው። ቶርኖ ሲገባ ግራና ቀኙ አብረው ይገባሉ።

7. ሁለቱን የካሊፐር ፒኖች ከጎማ መሸፈኛቸው ያውጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው፣ አብዛኛው ተመላሽ ጩኸትም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጎንደር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው አቧራ መሸፈኛው ትንሽ ከተቀደደ ገብቶ ከግሪሱ ጋር ይጋገራል። ፒኑን አጽድተው፣ ቀዳዳውን አጥበው፣ ስስ ግሪስ ቀብተው ይመልሱ። በጣት ተገፍቶ መግባትና መውጣት አለበት። ሁለቱ ፒኖች የማይመሳሰሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ ካለው፣ የላዩን ታች አይግጠሙ።

8. ሸራው የሚቀመጥባቸውን የብረት ክሊፖች አውጥተው ሥራቸውን በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ዝገቱ ክሊፑን ከገፋው ሸራው ይጣበቃል። ግሪሱን በሦስት ቦታ ብቻ ያስነኩ፦ የሸራው ጆሮዎች በሚንሸራተቱበት፣ ፒስተኑ በሚነካው የሸራ ጀርባ፣ በቆርቆሮዎቹ መካከል። ለአንድ ጎማ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ይበቃል። የሸራው ፊትና ዲስኩ ላይ ቅንጣት ከነካ በማጽጃ ይጥረጉ።

9. የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ይክፈቱ። ዘይቱ እስከ ላይኛው መስመር ከሆነ ትንሽ በሲሪንጅ ይምጠጡ፤ ፒስተኑ ሲገፋ ገንፍሎ ቀለም ይበላል። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አስደግፈው በማጥበቂያ ቀስ ብለው ይግፉት። በእኩል ጉልበት አልገባ ያለ ፒስተን ዝጓል፤ ካሊፐሩ ይታደስ።

10. ሰብስበው ብሎኖቹን ያጥብቁ። በትንንሽ ቶዮታዎች የካሊፐሩ ብሎን 34 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የጎማው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የጎማ ዳዶ በመፍቻ ላይ ቱቦ አስረዝሞ መቆም ዲስኩን ያጣምማል፤ ሳምንት ሳይቆይ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል።

11. መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ወለል ድረስ ይወርዳሉ፤ ይህን ቁልቁለት ላይ ከሚያውቁት ቆመው ቢያውቁት ይመረጣል።

12. አዲሱን ሸራ ያለማምዱት። ሜዳ ላይ ከ50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመጠኑ እየያዙ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ያቀዝቅዙ፤ በመካከሉ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሳይነኩ ይንዱ። በሞቀ ፍሬን ላይ ፔዳል ረግጠው አይቁሙ። ይህ ሳይደረግ በዚያው ቀን ደባርቅ ደርሶ ሊማሊሞን የወረደ አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን ይጠበሳል፤ ከዚያ «ኦሪጅናል ነው ብሎ ሸጠልኝ» ይመጣል።

ሊማሊሞን ወይም ማንኛውንም ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ቀድመው ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርገው ይያዙና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። አውቶማቲክም ቢሆን ለዚህ የተሠራ ዝቅተኛ ማርሽ አለው።

የኋላ ታምቡር

የኋላ ፍሬኑ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ከበሮ መሰል ክዳን) የሆነ መኪና ውስጡ የተጠራቀመ የሸራ ዱቄት ሲጮህ ይሰማል። የእጅ ፍሬኑን ለቀው፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈው ይፍቱ። ታምቡሩ ከተጣበቀ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለት 8 ሚሊ ብሎን እኩል እኩል ሲጠብቁባቸው ታምቡሩን ይገፉታል። በመዶሻ መቀጥቀጥ ጠርዙን ይሰብረዋል። ዱቄቱን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አይንፉ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በውሃና ሳሙና አርጥበው ይጠቡት። ከዚያ ሸራዎቹ የሚደገፉባቸውን ከጀርባ ሳህኑ ላይ ያሉ ከፍ ያሉ ነጥቦች ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት ናቸው። እነሱ ሲደርቁ ነው ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሲጥ የሚለው። ስስ ግሪስ ይንኳቸው። ሲጨርሱ የእጅ ፍሬኑ ከ6 እስከ 9 ጠቅታ ላይ መያዝ አለበት።

ቺንጋ

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋት ኮፈን ሥር ጤዛ አለ። ሞተሩን ለማስነሳት የደከመች ባትሪ ደግሞ መኪናው እንደተነሳ ዲናሞውን በኃይል ትጠይቀዋለች። ጤዛ የነካው፣ የላላ ቺንጋ ያን ሰዓት ይንሸራተትና ያፏጫል፤ ሲሞቅና ሲደርቅ ዝም ይላል። ዝም ስላለ ግን አልዳነም።

ለማረጋገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የፊት መብራት፣ ማራገቢያና ኤሲ አንድ ላይ ያብሩ። ፉጨቱ ከጨመረ ጭነቱ ቺንጋውን እያንሸራተተው ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የመሪውን ዘይት ፖምፓ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ወይም ዘይቱ ጎድሏል። ብዙዎቹ ቪትዞች ግን መሪያቸው በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ይህ አይመለከታቸውም።

ሁለተኛው ሙከራ ውሃ ነው። የሚረጭ ጠርሙስ ውሃ ይያዙ፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የአንገት ልብስና ረጅም እጅጌ ይውለቅ፣ ጣት ከፑሊ ይራቅ። ሞተሩ እየሠራ በቺንጋው ጥርስ በኩል ትንሽ ይርጩ። ጩኸቱ ከባሰ ችግሩ መላላት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፦ አንዱ ተጣሟል፣ ወይም ኩሽኔታው አልቆ ዘንበል ብሏል። ውሃው ምንም ካልለወጠ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሂዱ።

ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ቁልፉን አውጥተው ቺንጋውን ገልብጠው ይዩት። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ቁልፍ ሳይኖርም ሊነሳ ስለሚችል እጅዎን ከሱ ያርቁ። ጥርሱ የሚያብረቀርቅ፣ ተሻጋሪ ስንጥቅ የበዛበት፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ቺንጋ ይቀየራል። የረጠበ ከሆነ ጣትዎን ያሽትቱ። ዘይት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ የላይ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው የሚወርደው፤ እሱ ሳይዘጋ የተገጠመ አዲስ ቺንጋ በቅርቡ ይጮሃል።

ማጥበቂያው እንዲህ ነው። በሁለት ፑሊ መካከል ባለው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው፣ 10 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ይጫኑት። ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቢገባ ደህና ነው። ዲናሞውን የያዘውን የመሽከርከሪያ ብሎንና የመቆለፊያውን ዳዶ ያላሉ፤ ከዚያ የማጥበቂያውን ረጅም ብሎን በሩብ ሩብ ዙር እያጠበቁ በየመሀሉ ይለኩ። ሲደርስ መጀመሪያ መቆለፊያውን፣ ቀጥሎ የመሽከርከሪያውን ብሎን ያጥብቁ። አዲስ ቺንጋ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይረግባልና እንደገና ይለኩት። በራሱ ስፕሪንግ የሚወጥር መኪና ላይ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ላላ ካለ ወጣሪው ራሱ ደክሟል።

«እንዳይጮህ» ብሎ ከመጠን በላይ ማጥበቅ የተለመደ ነው፣ ይሠራልም፤ ለሁለት ወር። ከዚያ የዲናሞው ወይም የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ይሄዳል፤ የሱ ዋጋ ደግሞ ከቺንጋው ጋር አይወዳደርም። ሳሙና መቀባትም ያው ነው፦ ጠዋት ዝም ያሰኛል፣ አቧራ ይስባል፣ ጥርሱን ይሞላዋል።

ኩሽኔታውን ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ይውሰዱ። ጫፉን በማይዞረው አካል ላይ፣ ማለትም የዲናሞው ወይም የፖምፓው ገላ ላይ ያስደግፉ፤ እጀታውን ጆሮዎ ሥር ያድርጉ። ጤነኛ ኩሽኔታ ለስላሳ ሹክሹክታ አለው፤ የደረቀው እንደ አሸዋ ይፈጫል ወይም ይጮሃል። ካልተለየ ቺንጋውን ያውጡና ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ በታች ያስነሱ። ጩኸቱ ከጠፋ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ሞተሩን አጥፍተው እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ያዙሩና ወደ ጎን ይነቅንቁ። ከአንድ ደቂቃ የማይበልጠው የውሃ ፖምፓው ስለማይዞር ነው። የኮፈን ሥር በኃይለኛ ውሃ ማስጠብ የሚወዱ ሰዎች የዲናሞ ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩበት ምክንያት አላቸው፤ ውሃው ግሪሱን አጥቦ ያወጣዋል።

ፍሪሲዮን

ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት የፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም ኒውትራል ላይ ፔዳል ተለቆ የሚጮህና ሲረገጥ የሚጠፋው፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ካምቢዮ ሳይወርድ አይደረስባቸውም፤ ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑ ዲስክም ኩሽኔታውም አብሮ ይቀየር፣ የእጅ ዋጋ ሁለቴ እንዳይከፈል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ዲስኩንም የሚጫነውንም ክፍል እያሞቀ ይበላል፤ በእጅ ፍሬን መነሳት ይልመዱ።

የጎማ ኩሽኔታ እና ጎሚኒ

ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚበረታ ከሆነ የቀኙን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ነው። ወደ ቀኝ ከሆነ ግልባጩ። በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ፣ ከዚያ እያዞሩ ሌላኛውን እጅ ስፕሪንጉ ላይ ያድርጉ፤ ሻካራ ንዝረት በእጅ ይሰማል።

ኮብልስቶን ላይ ወይም ጉብታ ሲያልፉ ሲጥ ሲጥ የሚለው ጎሚኒ ነው። ቆሞ ሳለ መኪናውን በአንድ ጥግ በሁለት እጅ ጫን እያደረጉ ያወዛውዙት፤ ሌላ ሰው ውሃ ይዞ በየጎሚኒው ላይ ተራ በተራ ያፍስስ። የየትኛው ሲረጥብ ድምፁ ከጠፋ ያ ነው። በክረምት ጠፍቶ በበጋ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ጎማውን አሳብጦ ያቀልጠዋል። ሲሊኮን ስፕሬይ ለጊዜው ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ግን ይቀየር፣ ብሎኑም መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ይጠበቅ። በአየር ላይ እያለ የጠበቀ ጎሚኒ ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ሃይሉክስና አይሱዙ ላይ በባሌስትራው (በተደራረበው የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) መካከል የገባ ጭቃና የተበላ ፕላስቲክ ያው ድምፅ አለው።

አስፋልት ላይ ስትታጠፍ ጎማዋ የምትጮህ መኪና መጀመሪያ ንፋሷ ይለካ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ትክክለኛው ቁጥር ሹፌር በር ላይ ባለው ወረቀት አለ፤ ለትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ በ30 እና 33 ፒኤስአይ መካከል ነው። ንፋሱ ልክ ሆኖ ከጮኸች የፊት ጎማ አቀማመጥ ይስተካከል።

የማይነዳ መኪና

ብረት በብረት ሲፋጭ፣ አንድ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ እጅ የማያስጠጋ ሲሞቅ ወይም ሸራ ሲሸት፣ ፔዳሉ ወደ ወለል ሲጠጋ መኪናው እዚያው ይቁም። ፉጨቱ ድንገት ጠፍቶ የባትሪ መብራት ከበራም እንደዚያው፦ ቺንጋው ተበጥሷል። የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ከሆነ ዳገት ላይ ያለ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል። ዳር ይዘው ያጥፉ፣ ራዲያተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አይክፈቱ። ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ መተማ ራቅ ብሎ የሚወጣ ሰው በልኩ የተገዛ አንድ ትርፍ ቺንጋ ከ12 እና 14 መፍቻ ጋር ከመቀመጫ ሥር ቢይዝ ቦታ አይፈጅበትም።